ለፎቅ የተተከለው ድንኳን

አንገቱ ላይ ሁለት ነገር የሚያንጠለጥል አንድ ሰው ነበረ። አንዱ ማተቡ ነው፤ ሌላው በግቢው ውስጥ ያለው የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ነው። ሁለቱንም በአንድ ክር አስሮ ስለሚይዛቸው፣ ሚስቱ እልፍነሽ፣ «በየትኛው እንደምታምን እንኳ መለየት አቃተኝ» ትለው ነበር።

ይህ ሰው በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሐቀኛ ሰው ነው። በእርሱ ዘመን ከእድሩ ድንኳን አንድ ካስማ፣ ከአግዳሚ ወንበሮቹ አንድ እግር፣ ከንፍሮ ድስቶቹ አንድ ክዳን ጠፍቶ አያውቅም። ነገር ግን ምእመናን፣ ሐቀኛ ሰውም ጣዖት አያጣም። የእርሱ ጣዖት ማኅተም ነበረ። ቁጥርና ቀን ያለው፣ ከግርጌው ፊርማ፣ በፊርማው ላይ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲያይ ልቡ ይሰግዳል። የወንድሙ ልጅ የሠርግ ጥሪ ቢልክለት፣ «ቀን አለው፤ ቁጥር ግን የለውም» ብሎ መልሶታል ይባላል። ሠርጉን የበላውም ሙሽራው በእጁ ቁጥር ጽፎ ዳግመኛ ከላከለት በኋላ ነው።

ሳቁ፤ አልከለክላችሁም። ግን ሰውየውን ደኅና አድርጋችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ይህ ሰው የሚኖርበት ከተማ በዚያ ወራት ታሞ ነበር። በሽታው የቤት ዋጋ ነው። ባቡር ሊመጣ ነው ተባለ። ባቡሩን ያየ የለም፤ ሐዲዱንም ያየ የለም፤ ዋጋው ግን ከባቡሩ ቀድሞ ደረሰ። ጠዋት የተገዛ ቤት ለምሳ ሰዓት ይሸጣል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ የጠዋቱ ሻጭ ራሱ በእጥፍ ይገዛዋል። ደላላው «እንዴት አደርክ?» ማለቱን ትቶ፣ «ቤትህ ስንት ገብቶ አደረ?» ማለት ጀመረ። ቤቱን ሸጦ ትልቅ ቤት ሊገዛ ቀብድ የከፈለ አለ። የአንገት ወርቋን አውልቃ የሰጠች አለች። በሬዎቹን የሸጠ ገበሬ አለ።

ከዚያስ?

ከዚያማ ባቡሩ በሌላ ከተማ በኩል እንደሚያልፍ ታወቀ። ዋጋው ሲወጣ በመሰላል ነበር የወጣው፤ ሲወርድ መሰላል አልጠየቀም።

ትንንሾቹ ወድቀው ዝም አሉ። ትልልቆቹ ወድቀው ጮኹ። የከተማው አስተዳደርም የጮኹትን ሰማ። «እነዚህ ሕንፃ ገንቢዎች ከወደቁ ከተማው አብሮ ይወድቃል» አለና ከሕዝብ ካዝና አውጥቶ ደገፋቸው፤ ዕዳቸውን ተሸከመላቸው። ሊታደስ የነበረው የጤና ጣቢያው ጣሪያ ማፍሰሱን ቀጠለ። በሬዎቹን የሸጠውን ገበሬ ግን «በሬዎችህስ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ሕዝቡ ተቆጣ። አይቆጣ ትላላችሁ? እኔ አልልም። ከተቆጡት ሁሉ አብልጦ የተቆጣው ደግሞ ያ ባለ ቁልፍ ሰው ነበረ። በኑሪ ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ጉንጩ በሳሙና አረፋ እንደ ተሸፈነ፣ ጣቱን ወደ መስተዋቱ ቀስሮ ይናገር ነበር።

«እኔን የሚገርመኝ ካዝና ጠባቂው ነው! አንድ ሰው አለ አይደል? ቁልፉን በእጁ የያዘ አንድ ሰው! ‹አልከፍትም፤ ይህ የሕዝብ ነው› ቢል ምን ይሆን ነበር? እኔ ብሆን ኖሮ...»

«ጋሼ፣ አይነቃነቁ፤ ጆሮዎን እቆርጠዋለሁ» አለው ኑሪ።

«ቁረጠው! ይህን ጉድ ከምሰማበት!»

«እኔ ብሆን ኖሮ» አለ። ይህችን ቃል አትርሷት።

ከሰውየው ቤት ሦስት አጥር አልፎ እማማ በለጥሻቸው የሚባሉ አሮጊት ይኖሩ ነበር። ባል የላቸውም፤ ልጅ አልወለዱም። እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳያሳልፉ ከፍለዋል። ሰው በሞተ ጊዜ እንጨት ተሸክመው ቀድመው የሚደርሱት፣ ንፍሮውን የሚያማስሉት እርሳቸው ናቸው። ድንኳኑ ግን በእርሳቸው ደጅ አንድ ቀን እንኳ ተተክሎ አያውቅም። ወላጆቻቸው የተቀበሩት በሩቅ አገር ነው፤ የሚሞትባቸው ሰው አልነበራቸውም። «ለእኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትተከለው፤ ያን ጊዜም እኔ አላያትም» ይሉ ነበር። «ድንኳኔ» ነበር የሚሏት።

በዚያ ክረምት እማማ በለጥሻቸው ታመሙ። ሐኪሞቹ ወደ ቤታቸው ሸኟቸው፤ የንስሐ አባታቸውም መጥተው የሚገባውን ሁሉ ፈጸሙላቸው። እማማም ያን ባለ ቁልፍ ሰው አስጠሩት።

«አንተ ልጅ፣ ድንኳኔ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፣ እማማ። ባለፈው ሳምንት ፀሐይ አስመትቻታለሁ።»

«ከምሰሶዋ አጠገብ ያለው ቀዳዳስ?»

«እልፍነሽ ትጥፈዋለች።»

«ቶሎ ትጣፈው። እኔ እንደሆንኩ ብዙም አልቆይም። ክረምት ነው፤ ለቀስተኛው በእኔ ምክንያት ቢበሰብስ ነፍሴ አታርፍም።»

ሰውየውም ቁልፉን ከነማተቡ ጨብጦ፣ «በእኔ ይጣሉት። ሰው ካልሞተ በቀር ለማንም አልከፍታትም» አላቸው።

ምእመናን፣ ይህን የተናገረው ማክሰኞ ነው። ደብዳቤው የመጣው ዐርብ ነው።

ከእነዚያ ገንቢዎች አንዱ አቶ ወንድይራድ የሚባሉ የዚሁ ሰፈር ሰው ነበሩ። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሠርተዋል፤ ስልሳ አራት ክፍል አለው፤ አንዱም አልተሸጠ። አስተዳደሩ ዕዳቸውን አነሣላቸው፤ ልባቸውን ግን ሊያነሣው አልቻለም። በሐዘን አልጋ ላይ ዋሉ። ቀበሌው ተጨነቀ። መንግሥት ያነሣው ሰው ተኝቶ ቢታይ ማንሣቱ ምን ፋይዳ አለው? ስለዚህ ተሰበሰቡ፤ መከሩ፤ እንዲህም ብለው ጻፉ፦ «ባለሀብቱ ከደረሰባቸው የገበያ ሐዘን ይጽናኑ ዘንድ፣ የአካባቢው እድር ድንኳን እንዲተክልና አባላቱም ለሦስት ቀን በመገኘት የተለመደ ትብብራቸውን እንዲያደርጉ እናሳስባለን።»

ደብዳቤውን የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ጌጡ ይዘው መጡ። ሰውየው መነጽሩን አደረገ።

«ለፎቅ?» አለ።

«ለፎቅ አይደለም፤ ለባለ ፎቁ ነው» አሉ አቶ ጌጡ።

«ሞቱ እንዴ?»

«አልሞቱም።»

«ታዲያ መተዳደሪያ ደንባችን ‹ሲሞት› ነው የሚለው።»

«እስኪ ወረቀቱን ደኅና አድርገህ እየው» አሉት። ሰውየውን ያውቁታልና።

አየው። ቁጥር አለው። ቀን አለው። ፊርማው ሙሉ ነው። ማኅተሙ ክብ ነው፤ ቀለሙ ያልደበዘዘ። ከሁሉም በታች «ግልባጭ» የሚል ቃል ነበረ፤ ለአራት ቢሮ። ምእመናን፣ አራት ግልባጭ ያለው ደብዳቤ ሰውየው በሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ያየው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር።

እጁ ቀስ እያለ ወደ አንገቱ ሄደ።

ማን ጎተተው? ማንም። ማን አስፈራራው? ማንም። ዕቃ ቤቱን የከፈተው በገዛ እጁ ነው። የካስማው ድምፅ ሲንኳኳ የሰማችው እልፍነሽ ከጓዳ ወጣች።

«ማን ሞተ?»

«ደብዳቤ መጥቷል።»

«ማን ሞተ ነው ያልኩህ?»

«ቁጥርና ቀን ያለው ነው።»

«ኧረ የሟቹን ስም ንገረኝ፣ አንተ ሰውዬ!»

ድንኳኑን ተሸክሞ ወጣ። ቀዳዳውን ለመጣፍ ጊዜ አልነበረም።

በማግሥቱ ማለዳ ጥሩምባ ነፊው ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ የሟች ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ምን ብሎ እንደሚለፍፍ ቸገረው። ሦስት ጊዜ ነፋ፤ ሦስት ጊዜ አሰበ። በመጨረሻ፣ «የአቶ ወንድይራድ ፎቅ ዋጋው አርፏል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የቀረ ይቀጣል!» ብሎ ቶሎ ወደ ሌላው መንደር ዞረ።

ሰው ሁሉ መጣ። ቁጣው እንዳለ ነው፤ መቀጮውም እንዳለ ነው። አስተዳደሩን ሲራገሙ የሰነበቱት ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በተራ ገቡ፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አሉ፤ ተቀመጡ። ድንኳኑ የተተከለው ከባለ አምስት ፎቁ ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ዝናቡም ጥሪ እንደ ደረሰው ሰው በሰዓቱ መጣ። አቶ ወንድይራድ ጢማቸው አድጎ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ «አሜን፣ አሜን» ይሉ ነበር።

ከኋላ አግዳሚ ላይ ግን ሹክሹክታ ነበረ።

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሦስት ቢሆነው ነው። ገና ቀለም ሳይነካው ተቀጨ።»

«እኔን! ታሞ ነው ወይስ በድንገት?»

«ባቡር ነው የገደለው።»

«ገጭቶት?»

«ቀርቶበት ነዋ!»

«ምስኪን! ልጅ ጥሏል?»

«ስልሳ አራት ክፍል።»

«አሳዳጊስ አላቸው?»

«ለእነሱ አታስብ፤ መንግሥት አለላቸው። የሚታሰብስ ለጤና ጣቢያው ጣሪያ ነው፤ እሱ ነው ወላጅ አልባው።»

ባለ ቁልፉ ሰው ምሰሶውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሰው ሲስቅ እርሱ አልሳቀም። ደብዳቤውን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞታል፤ በየጊዜው እየነካ መኖሩን ያረጋግጣል።

እማማ በለጥሻቸው ጥሩምባውን በአልጋቸው ሆነው ሰምተው ነበር። የምታስታምማቸውን ጎረቤታቸውን ጠሯት።

«ማን ነው? እኔ ነኝ?»

«ኧረ እርስዎማ አሉ፣ እማማ!»

«ታዲያ ማን ነው የቀደመኝ?»

ሴትየዋ አፈረች። «ፎቅ ነው» አለቻቸው።

እማማ በለጥሻቸው ከትራሳቸው ቀና አሉ። ከዚያም፣ «ነጠላዬን አቀብይኝ። ልቅሶ መቅረት ልማዴ አይደለም» አሉ።

ለመሞት የተዘጋጁ ሰው በዱላ ተደግፈው፣ በጭቃው መካከል፣ በጎረቤት ክንድ ላይ ወደ ገዛ ድንኳናቸው ሲሄዱ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ! ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እርሳቸው ግን ሰዉን ትተው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። በቀዳዳው የወረደ የዝናብ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈ።

«አልተጣፈችም» አሉ።

ሰውየው ተደናግጦ ላስቲኩን አወጣ። «እማማ፣ ደብዳቤ አለ። ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ማኅተም አለው። አራት ግልባጭ አለው።»

«ለማን ለማን ነው ግልባጩ?»

አራቱን ቢሮዎች በተራ አነበበላቸው።

«ለእኔስ?»

ሰውየው ግልባጮቹን በጣቱ እየተከተለ ዳግመኛ ፈለገ።

«አርባ አንድ ዓመት የከፈልኩ ሰው ነኝ። ለመሞትም ወረፋ ይዣለሁ። አንዲት ግልባጭ ትነፍጉኛላችሁ?»

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ሲል ሳሉን አስመሰለው። እማማ ግን አልሳቁም። «‹ሰው ካልሞተ አልከፍታትም› ያልከኝ አንተ አይደለህም? ማን ሞተ?» አሉት።

ሰውየው ወረቀቱን ገለበጠው። ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ነበረ፤ ቀን የሚጻፍበት ቦታ ነበረ፤ የሟች ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን አልነበረም። በዚያች ቅጽበት የኑሪ መስተዋት ትዝ አለው። በአረፋ የተሸፈነ ፊት፣ የተቀሰረ ጣት። ለካ ያ ጣት ያመለከተው መስተዋቱ ውስጥ ያለውን ሰው ኖሯል። በከተማው ካዝናም ሆነ በእድሩ ዕቃ ቤት፣ ካዝና ጠባቂው ማን እንደሆነ አሁን ዐወቀው። የሚያውቀው ሰው ነበረ።

«ይቅር በሉኝ፣ እማማ» አለ፤ ድምፁ ከዝናቡ በታች ሆኖ።

«ቆይ፤ ወደ አንተ ኋላ እመለሳለሁ» አሉና ሄደው ከአቶ ወንድይራድ ጎን ተቀመጡ። ጋቢውን ከአፍንጫቸው ገለጥ አደረጉላቸው።

«ልጄ ወንድይራድ፣ ሞተ ወይ?»

«ዋጋው ነው፣ እማማ።»

«ፎቁስ?»

«ፎቁማ ይኸው ቆሟል።»

«አንተስ?»

አቶ ወንድይራድ አሰቡ። «እኔም... አለሁ።»

«ክፍሎቹስ?»

«አሉ። ባዷቸውን ናቸው።»

«ያፈስሳሉ?»

«ኧረ በፍጹም!» አሉ አቶ ወንድይራድ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው። «የእኔ ቤት ሊያፈስስ! አንዲት ጠብታ እንኳ...»

እዚህ ላይ ቃሉ በአፋቸው ቀረ። ከጣሪያው የወረደው ውኃ በጢማቸው ላይ እየተንጠባጠበ ነበር።

«እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ አስረዱኝ፣ ልጆቼ» አሉ እማማ በለጥሻቸው፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መልሰው። «ከፊታችን ስልሳ አራት ደረቅ ክፍል ተገትሮ፣ እኛ በተቀደደች ድንኳን ሥር እየበሰበስን የምናለቅሰው ለቤት ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው ጥሩምባ ነፊው ነው። ከዚያ የኋላው አግዳሚ ሳቀ፤ ከዚያ መካከሉ፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ፤ ካስማው እስኪነቃነቅ ድረስ። አቶ ወንድይራድ ይሳቁ ያልቅሱ አልለየላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቁልፍ አለህ?» አሏቸው እማማ።

ከጋቢያቸው ሥር የቁልፍ ጥቅል ወጣ። ለካስ እርሳቸውም ታቅፈውት ነበር የሚያለቅሱት። «ዋጋው እስኪመለስ ብዬ ነው የቆለፍኩት» አሉ።

«ዋጋው መንገድ ላይ ይሆናል። እኛ ቀድመነው ደርሰናል። ክፈትልን።»

ከፈቱ። ሕዝቡ ወደ ምድር ቤቱ ገባ፤ ነጠላውን ጨመቀ። እማማ በለጥሻቸውም በደረቅ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ «በሉ አሁን ድንኳኔን ጠቅልሉልኝ፤ እኔ መንገደኛ ነኝ» አሉ።

በዚያ ክረምት የጤና ጣቢያው ሕሙማን በአቶ ወንድይራድ ምድር ቤት ታከሙ። ቤቱን ሸጦ ሜዳ ላይ የቀረው ሰውም ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ አቅሙ በሚችለው ኪራይ ገባ። አቶ ወንድይራድ በአንድ ቀን ቅዱስ ሆኑ አልላችሁም። ሕዝብ የተሸከመው ሰው ሕዝብን መልሶ መሸከም እንዳለበት የነገራቸው ደብዳቤ አልነበረም፤ የእማማ ዓይን ግን ነበረ።

ባለ ቁልፉ ሰውም ያን ዕለት አመሻሽ ላይ መርፌና ክር ይዞ ተቀመጠ። እልፍነሽ አጠገቡ ቆማ፣ «ሰፋ አድርገህ ጣፍ፤ ማኅተም እያሳረፍክ አይደለም» ትለው ነበር። ቀዳዳውን ከሥር በላስቲክ ደረበው። የትኛው ላስቲክ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ በላስቲክ ተጠቅልሎ አልታየም።

እማማ በለጥሻቸውስ? በዚያ ሳምንት አልሞቱም። በቀጣዩም አልሞቱም። ሐኪሞቹን አሳፍረው እስከ ኅዳር ኖሩ። በኅዳር አንድ ማለዳ ጥሩምባው ተነፋ፤ የዚያን ቀን ነፊው ምን እንደሚል አልቸገረውም፤ የሚጠራው ስም ነበረው። ደብዳቤ አልመጣም። ሰውየው ሳይጠይቅ፣ ሳያገላብጥ፣ እየሮጠ ከፈተ። ካስማውን እርሱ ያዘ፤ በመዶሻው አቶ ወንድይራድ መቱ። ድንኳኗም አንዲት ጠብታ አላስገባችም። ደግሞም ዝናብ አልነበረም።

ምእመናን፣ ይህን ስትሰሙ፣ «መልካም አለ፤ አስተዳደሩን ገሠጸልን» ያላችሁ ትኖራላችሁ። ብርቱውን አንሥቶ ደካማውን የሚረግጥ ይገሠጻል፤ ነቢያት ገሥጸዋል፤ ዝም ማለት ለማናችንም አልተፈቀደም። ነገር ግን ቤታችሁ ስትገቡ ነገሩን እዚያ ቢሮ ደጃፍ ላይ ጥላችሁት እንዳትገቡ።

አንተ በመሥሪያ ቤትህ ወረፋ የምታስይዝ፣ ከኋላ መጥቶ ያለፈው ማን ነው? ከፊት የቆመችው ባልቴትስ አሁንም ቆማለች? አንቺ በቤትሽ የምታካፍዪ፣ መሶቡ ቀድሞ የሚቀርበው ለራበው ነው ወይስ ነገ ብድር ለሚመልሰው? እኛስ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ነገር የያዝን፣ ምንጣፍ ያነጠፍነው ለማን እግር ነው?

«ታዝዤ ነው» ትላላችሁ። «ወረቀት መጥቶ ነው» ትላላችሁ። ያም ሰው እውነቱን ነበር፤ ወረቀቱ ነበረው። ያዘዘው ሌላ ነበር፤ የከፈተው እጅ ግን የራሱ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሁላችን የምንቆምበት ዙፋን ፊት ቁጥርና ቀን አይጠየቅም። «ለማን ከፈትክ? በማን ላይ ቆለፍክ?» ነው የምንባለው።

እንግዲህ ከመነሣታችሁ በፊት እጃችሁን ወደ አንገታችሁ ስደዱ። ማተባችሁ አለ? መልካም ነው።

ከአጠገቡ የተንጠለጠለውስ የማን ቤት ቁልፍ ነው?